የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መቅጃው ሲዘጋ የማይቆመው የዘይት ፓምፕ

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ ቃሊቲ አካባቢ የከባድ መኪና ጋራዥ አለኝ። ከ200 ሊትር በርሜል የሞተር ዘይት የምንቀዳበት፣ በኮምፕረሰር አየር የሚሠራ ባለ 5 ለ 1 ፓምፕ አለን። መቅጃውን ስንዘጋ መቆም ሲገባው ቀስ እያለ መምታቱን ይቀጥላል፤ የሚሰጠው የዘይት መጠንም ቀንሷል፤ ከአየር መውጫው ደግሞ ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ባለሙያ ጠርተን ከገበያ የተገዛ ሙሉ የጎሚኒ ኪት አስቀየርን፤ ጥቂት ሳምንታት ደህና ከሠራ በኋላ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። አሁን ራሳችን ፈትተን ልንሠራው አስበናል። ከየት እንጀምር? ሠርተን ስንጨርስስ በትክክል መሠራቱን በምን እናውቃለን?» (ከቃሊቲ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጠቀሷቸው ሦስት ምልክቶች መካከል ሁለቱ የፓምፑን የታችኛውን ማለትም የዘይቱን ክፍል የሚያመለክቱ ሲሆን፣ ሦስተኛው ግን የላይኛውን የአየር ክፍል ይመለከታል። በአንድ ፓምፕ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ያሉ ይመስለኛል። ኪቱ በሙሉ ተቀይሮ ችግሩ የተመለሰውም፣ የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደሆነና ለምን እንደተበላሸ አስቀድሞ ስላልተጣራ ይሆናል። በእኔ አመለካከት ፓምፑን ፈትቶ መልሶ መግጠም የሥራው ቀላል ክፍል ነው፤ ከመፍታት በፊትና ከመግጠም በኋላ ያለው ፍተሻ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ዋናውም ጉዳይ ነው።

ፍተሻው እንዲገባ አሠራሩን በአጭሩ ላስታውስ። በላይኛው ሲሊንደር ውስጥ ሰፊ ፒስተን አለ፤ አየር በየተራ ከሥሩና ከበላዩ እየገባ ሽቅብና ቁልቁል ይነዳዋል። ተራውን የሚያቀያይረው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቦታውን የሚለውጥ ትንሽ የአየር ቫልቭ ነው። ይህ ፒስተን በዘንግ አማካይነት በታችኛው ቱቦ ውስጥ ካለው ጠባብ የዘይት ፒስተን ጋር ተያይዟል። በቱቦው ውስጥ ዘይትን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ቫልቮች ይገኛሉ፤ አንዱ በቱቦው እግር ላይ፣ ሌላው በራሱ በፒስተኑ ላይ ነው። ፒስተኑ ሽቅብ ሲሄድ የእግሩ ቫልቭ ተከፍቶ ከበርሜሉ ዘይት ይስባል፤ የፒስተኑ ቫልቭ ግን ተዘግቶ ከበላዩ ያለውን ዘይት ወደ መውጫው ይገፋል። ቁልቁል ሲመለስ የእግሩ ቫልቭ ይዘጋና ከሥር የታፈነው ዘይት በፒስተኑ ቫልቭ በኩል ወደ ላይ ያልፋል፤ ወፍራሙ ዘንግ ከበላይ ቦታ ስለሚወስድበትም ካለፈው ዘይት ግማሽ ያህሉ ወደ መውጫው ይወጣል። ፓምፑ በሁለቱም ጉዞ ዘይት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

5 ለ 1 መባሉ አየሩ የሚገፋው ስፋት ዘይቱ ከሚገፋበት ስፋት አምስት እጥፍ መሆኑን ይገልጻል። የ7 ባር አየር ሲገባ፣ መውጫው ተዘግቶ ፓምፑ በቆመበት ሰዓት የዘይቱ ግፊት ወደ 35 ባር ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፤ ስለ ቱቦ ስናነሳ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ፍተሻው እንግባ። ቁልፍ ከመያዝዎ በፊት በርሜሉን ይመልከቱ። ፓምፑ በትልቁ ቀዳዳ ሲገጠም ትንሹ ክዳን ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ፣ በሚወጣው ዘይት ምትክ አየር መግባት ስለማይችል በርሜሉ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ፓምፑም ያለ ምንም ብልሽት መጠኑን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ብቻ ተፈትቶ የተበተነ ፓምፕ አይጠፋም። የአየር መተንፈሻ ያለው፣ አቧራ የማያስገባ ክዳን መግጠም በቂ ነው።

ቀጥሎ በፓምፑ መውጫ ላይ፣ ከረጅሙ የዘይት ቱቦ በፊት ያለውን መዝጊያ ይዝጉ። መዝጊያ ከሌለ ይግጠሙለት፤ ነገር ግን ግፊቱን የሚችል ብረት መሆን አለበት። መዝጊያው በፓምፑ ላይ ተዘግቶ ፓምፑ ጸጥ ብሎ ከቆመ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የሚያፈስሰው መቅጃው ወይም ቱቦው ነው። ተዘግቶም መምታቱን ከቀጠለ ደግሞ በየትኛው አቅጣጫ እየተንሸራተተ እንደሆነ ልብ ብለው ይከታተሉ። ዘንጉ የሚታይ ከሆነ በዓይን፣ ካልሆነም ተራው ሲቀያየር በሚሰማው ድምፅ ሽቅቡንና ቁልቁሉን መለየት ይቻላል። ሽቅብ ሲሄድ ቀስ እያለ ከተንሸራተተና ቁልቁል ላይ ጸንቶ ከቆመ፣ ዘይት የሚያመልጠው በፒስተኑ ቫልቭ ወይም በፒስተኑ ፓኪንግ (በዙሪያው ዘይት እንዳያልፍ በሚዘጋው ማሸጊያ) ነው። ሽቅብ ላይ ጸንቶ ቁልቁል ላይ ከተንሸራተተ የእግሩ ቫልቭ አልዘጋም። በሁለቱም አቅጣጫ ከተንሸራተተ ሁለቱም ታመዋል፤ በዘንጉ አንገት ዘይት ወደ ውጭ እየፈሰሰም ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው ግን በዓይን ይታያል። ኪት የማይፈልግ፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ የማይወስድ ምርመራ ነው፤ ውጤቱን በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡት፤ ከተገጠመ በኋላ ከሚያገኙት ጋር ያነጻጽሩታል።

የአየሩ ክፍል ምርመራ ከዚህ ይቀላል። ፓምፑ በቆመበት ሰዓት ከአየር መውጫው ምንም መንፈስ የለበትም። የሚነፍሰው በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ወይም በሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ከሆነ የትልቁ ፒስተን ኦሪንግ (ክብ የጎሚኒ ቀለበት) ያለቀ ወይም የአየሩ ቫልቭ በሁለቱም ወገን የማይገጥም ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደ ቫልቩ ያደላል። በማርሚታው (በአየር መውጫው ላይ ባለው ድምፅ ማፈኛ) ላይ በረዶ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የታመቀ አየር በድንገት ሲሰፋ ስለሚቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ርጥበት ይረጋል። በሐምሌና በነሐሴ የኮምፕረሰሩ ታንክ በየጠዋቱ ካልተራገፈ፣ ያ ውኃ ወደ ፓምፑ ሄዶ የአየሩን ቫልቭ ያዝገዋል፤ ቅባቱንም ያጥበዋል። እርስዎ የገለጹት ዓይነት ተመላልሶ የሚመጣ የአየር መንፈስ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ በአየሩ መስመር ላይ ውኃ የሚይዝ ፊልትሮ ካልተገጠመ የሚቀጥለውም ኪት ዕድሜው ያው ነው።

ሲፈቱ ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። አየሩን ዝጉ፤ የአየሩን ቱቦ ከፓምፑ ንቀሉ፤ መቅጃውን ወደ ጀሪካን ከፍታችሁ በዘይቱ ቱቦ ውስጥ የታፈነውን ግፊት ልቀቁ፤ ከዚያ ብቻ ቁልፍ አንሡ። የአየሩ ፒስተን ዲያሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 44 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ7 ባር አየር የሚገፋው ኃይል ከ300 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ስለሚሆን በመካከሉ የገባ ጣት አይተርፍም። ባለ 50 ለ 1 የግሪስ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ በ7 ባር አየር 350 ባር እንደሚፈጠር እወቁ። በዚያ ግፊት የወጣ ግሪስ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ከውጭ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድና ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው።

ቱቦውን በሞርሳ ሲይዙ መሐሉን አይጭመቁ፤ ክብነቱን ካጣ ምንም ዓይነት ፓኪንግ አይገጥምለትም። ጥርስ ባለበት ጫፍ ላይ በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም መካከል ይያዝ። የተፈታውን ሁሉ በነጭ ጋዝ አጥበው በአየር ያድርቁ፤ ቲነርና ቤንዚን ግን ከጎሚኒ ጋር አያገናኙ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ምርመራ የሚመጣው፤ ጥፍርዎን በዘንጉና በቱቦው ውስጠኛ ገጽ ላይ በአግድም ያንሸራትቱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱ ፓኪንግ በሳምንታት ውስጥ ይበላል፤ እርስዎም ያጋጠመዎት ይህ ይመስለኛል። ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ ማለት አያዋጣም፤ ጠንካራው ንብርብር ከተላጠ በኋላ ዘንጉ ይባስ ይዝጋል። ዘንጉን ማስቀየር፣ ካልተገኘም በጥሩ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ በክሮም ማስለበጥ የተሻለ ነው፤ ወጪው ከአዲስ ፓምፕ ዋጋ ከግማሽ ካለፈ ግን አዲስ መግዛቱን እመርጣለሁ።

የቫልቭ ኳሶችንና መቀመጫቸውን በጠንካራ ብርሃን ይዩ። በመቀመጫው ዙሪያ ያለው ቀለበት ሳይቋረጥ እኩል ማብረቅ አለበት፤ የተቋረጠበት ቦታ ዘይት የሚያልፍበት ቦታ ነው። አንዳንድ ፓምፖች መቀመጫው ተገልብጦ ሌላው ፊቱ እንዲያገለግል ተደርገው ስለተሠሩ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይመልከቱ። በኳስ ምትክ ጠፍጣፋ ሳህን ያላቸውም አሉ፤ እነዚህን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ዘይት ማስተካከል ይቻላል። በኳሱ ሥር የገባች አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ፓምፑ እንዳይቆም ታደርገዋለች፤ ስለዚህ የፓምፑ እግር ከበርሜሉ ወለል ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ ወንፊቱም በቦታው መኖር አለበት። ወንፊቱ «ዘይት ያንቃል» ተብሎ የተጣለባቸው ጋራዦች ጥቂት አይደሉም።

ስለ ኪቱ ጥራት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለማዕድን ዘይት የሚስማማው ናይትራይል የሚባለው ጎሚኒ ነው። ለፍሬን ዘይት ተብለው የሚሠሩ ጎሚኒዎች በአብዛኛው ኢፒዲኤም ከተባለ ሌላ ጎማ የተሠሩ ናቸው፤ በሞተር ዘይት ውስጥ ሲቆዩ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ በመጨረሻም ይቦጨቃሉ። መልካቸው አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ልኩ የተስማማ ጎሚኒ ከፍሬን ኪት ተውሶ መግጠም የተለመደ ቢሆንም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይሠራል። ከተጠራጠሩ ትርፍ አንዱን ጎሚኒ በሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍቀው ለጥቂት ቀናት ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡና ዲያሜትሩን አስቀድመው ከለኩት ጋር ያነጻጽሩ። ኦሪንግ ሲገዙም ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ፤ የአሜሪካ ልክ 3.53 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሜትሪኩ 3.5 ነው፤ ይህች ልዩነት ብዙ አትጎዳም፤ በ3.5 ፈንታ 3 የገጠመ ግን ሥራውን መልሶ ይሠራል።

ሲገጥሙ እያንዳንዱን ጎሚኒ በንጹሕ ዘይት፣ የአየሩን ክፍል ደግሞ በቀጭን ግሪስ ይቀቡ። ከንፈር ያለው ፓኪንግ ከንፈሩ ግፊቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ሳይፈቱ በፊት በስልክዎ ፎቶ ማንሣት ከክርክር ያድናል። በጥርስ ላይ ጎሚኒ ሲያሳልፉ ጥርሱን በቀጭን ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ካቻቢቴ ለጎሚኒ መግጠሚያ አይሆንም። ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ጥርስ ተላልቶ እንዳይፈታ ሎክታይት የተባለው የጥርስ ማጣበቂያ ይደረግበት።

ፍተሻውን ከታች ወደ ላይ ማካሄድ እወዳለሁ። የታችኛውን ክፍል ከአየሩ ክፍል ጋር ሳያያይዙ ቀጥ አድርገው ይያዙና ነጭ ጋዝ ይሙሉበት፤ ከእግሩ ቫልቭ ቢያንጠባጥብ ያኔውኑ ይፍቱት። ነጭ ጋዝ ከዘይት የቀጠነ ስለሆነ እሱን የያዘ ቫልቭ ዘይትን ይይዛል። ከዚያ የአየሩን ክፍል ለብቻው ከ1 ባር በማይበልጥ አየር ያስኪዱት፤ ጭነት የሌለበት ፒስተን በፍጥነት ስለሚሮጥ ግፊቱን ከዚህ አያሳልፉ። ተራው ሳይንገራገር መቀያየሩን አዳምጡ፤ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ቀቡና አረፋ ይፈልጉ።

ሁለቱ ክፍሎች ከተያያዙ በኋላ ፓምፑን ንጹሕ ዘይት ባለበት ዕቃ ውስጥ አቁመው በ2 ባር ይጀምሩ። አየሩ ሁሉ እስኪወጣና ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ከዚያ መውጫውን ይዝጉ። ግፊቱን ደረጃ በደረጃ ወደሚሠሩበት መጠን እያሳደጉ በየደረጃው ሽቅብም ቁልቁልም ላይ ያቁሙት። እኔ የምቀበለው ፓምፕ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለአንድ ደቂቃ ቢቆም አንድ ሙሉ ምት እንኳ የማይመታ ነው። በታርጋው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የአየር ግፊት ፈጽሞ አይለፉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ልኬት ብዙዎች የሚተዉት ነው፤ ምትን መቁጠር። ከላይ የጠቀስኩት ባለ 75 ሚሊ ሜትር ፓምፕ የሚሄድበት ርቀት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 44 ካሬ ሴንቲ ሜትሩ ለአምስት ሲካፈል 8.8 ይሆናል፤ በአንድ ጉዞ 88፣ በደርሶ መልስ ደግሞ 176 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይሰጣል። 10 ሊትር ለመስጠት ወደ 57 ደርሶ መልስ ያስፈልገዋል ማለት ነው። 70 ከፈጀ አንድ አምስተኛው ዘይት በውስጥ እየተመለሰ ነው። የጀሪካን ምልክት ስለማይታመን ዘይቱን መመዘን ይሻላል፤ 10 ሊትር የሞተር ዘይት ወደ 8.8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የራስዎን ፓምፕ ልክ ከመመሪያው ካላገኙ በተፈታበት ጊዜ ፒስተኑንና የሚሄድበትን ርቀት ለክተው ማስላት ይችላሉ። ልኬቱን ዘይቱ በቀን ሙቀት ላይ ሲሆን ይውሰዱ፤ በሌሊቱ ብርድ የወፈረ 15ደብሊው-40 ዘይት ደህናውን ፓምፕ ያስወቅሰዋል።

ስለ ኮምፕረሰርዎም አንድ ነገር ልጨምር፤ መጠኑ የቀነሰው በከፊል ከእሱ ሊሆን ይችላልና። ባለ 5 ለ 1 ፓምፕ 1 ሊትር ዘይት ለመስጠት 5 ሊትር የታመቀ አየር ይፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ የ7 ባር አየር ከሆነ ይህ 40 ሊትር ያህል ያልታመቀ አየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ስለሆነ ያንኑ ለመሙላት ኮምፕረሰሩ 51 ሊትር ያህል መሳብ ይኖርበታል። በደቂቃ 10 ሊትር ለመቅዳት 510 ሊትር፣ የሚባክነው ሳይቆጠር። በታርጋው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ፓምፑን ይወቅሳል። የአየር ግፊት መለኪያው መርፌ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ከ7 ወደ 4 ባር ከወረደ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም።

በመጨረሻ ቱቦውን ይዩ። ከመውጫው እስከ መቅጃው ያለው ቱቦ የአየር ቱቦ ሆኖ በላዩ 20 ባር የተጻፈበት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር፤ ፓምፑ ሲቆም 35 ባር ይገኛልና። ማታ ስትዘጉ አየሩን ዝጉ፤ ሌሊት ቱቦ ቢፈነዳ ወይም በርሜሉ ቢያልቅ ፓምፑ ብቻውን እየሮጠ አዲሱን ፓኪንግ ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ «የዘይት ታንካችን ከመሬት በታች ነው፤ ፓምፑ ግን ግድግዳ ላይ ነው፤ በቧንቧ ይስባል። በየጠዋቱ ብዙ ከመታ በኋላ ነው ዘይት የሚያመጣው። ጎሚኒ ነው?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከጎሚኒው በፊት ቧንቧውን እጠረጥራለሁ። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታንኩ ተመልሶ ስለሚያድር ጠዋት ፓምፑ መጀመሪያ የሚስበው አየር ነው። በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ መመለስን የሚከለክል ቫልቭና ወንፊት ያስገጥሙ። መጋጠሚያዎቹንም ይፈትሹ፤ የሚስብ ቧንቧ ሲሰነጠቅ ዘይት ስለማያፈስስ ከውጭ ደረቅ ይታያል፤ የሚያጋልጠው በዘይቱ ውስጥ የሚመጣው አረፋ ነው። ቧንቧውን በዘይት ሞልተው የላይኛውን ጫፍ ከፓምፑ ነጥለው ቢያድሩ፣ ጠዋት ደረጃው ከወረደ ያፈስሳል። ፓምፕ ዘይቱን የሚጎትተው በከባቢ አየር ግፊት ስለሆነ፣ በባሕር ዳር ከፍታ በስሌት እንኳ ሊደርስ የሚችለው ከዘጠኝ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ በወፍራም ዘይትና በጠባብ ቧንቧ ግን ከሁለት ሜትር በላይ እንዲያነሣ ባልመካበት ይሻለኛል። ቧንቧው ከፓምፑ መግቢያ የጠበበ አይሁን።

ጥያቄ፦ «በዚሁ ዓይነት ፓምፕ ቤንዚን ከበርሜል መቅዳት ይቻላል?» (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቻልም። ለዘይት የተሠራው ፓምፕ ከፈሳሹ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ክምችት ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ላይኖረው ይችላል፤ አንዲት ፍንጣሪ በቤንዚን ትነት መካከል ትበቃለች። ዘይት የለመደው ፓኪንግም ማለስለሻ ስለማያገኝ ቶሎ ያልቃል። ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ፣ በርሜሉም ፓምፑም መቀበያ ዕቃውም በሽቦ ከመሬት ጋር የሚያያዙበት ፓምፕ ይግዙ። ለናፍጣ ከሆነ የአምራቹ መመሪያ ናፍጣን በስም ከጠቀሰ ብቻ ይጠቀሙበት።